ሥዕልና ዜማ በአገው ምድር አብያተ ክርስቲያናት

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለው የአገው ምድር፥ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የሚባለው፥ ሕዝቡ በቤቱ አውኚ፥ በገበያም አውኚና አማርኛ የሚናገርበት፥ በቤተ ክርስቲያን ግን በግዕዝ የሚጸለይበት አገር ነው። አውኚ ከኩሽ፥ ግዕዝ ከሴም ወገን ናቸውና አንዱን ማወቅ ሌላውን ለመስማት አይረዳም። ዛሬ ስብከቱና የቅዳሴው ከፊል በአማርኛ ቢሆንም፥ የማሕሌቱ ቃል እንደ ጥንቱ ግዕዝ ነው። እንግዲህ ሃይማኖቱ ወደ ምእመኑ ልብ የሚገባው በምን በር ነው ቢሉ፥ አንዱ በር ዜማ፥ ሁለተኛው ሥዕል ነው።

የዜማው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት እንደ ደረሰው የሚነገረው ዜማ በግዕዝ፥ በዕዝልና በዓራራይ ይዜማል። በማሕሌት ጊዜ ያው አንዱ ቃል አስቀድሞ ያለ መሣሪያ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያም ከበሮው በዝግታ ገብቶ መረግድ፥ በፍጥነት ሲመታ ደግሞ ጽፋት ይሆናል። የቃሉን ትርጉም የማያውቀው እንኳ ከኀዘን ወደ ደስታ መሸጋገሩን በአካሉ ያውቀዋል፤ እልልታውም ቦታውን አይስትም። የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮት፥ ጠባቡ የትስብእት፥ ጠፍሩም የጌታ ግርፋት ሰንበር ምሳሌ ነው ተብሎ ይተረጐማል።

ሥዕል ላልተማረ ሰው መጽሐፍ ነው የሚባለው ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ታሪኩን ቀድሞ ያልሰማ ሰው ፈረሰኛ ዘንዶ ሲወጋ፥ አንዲት ልጃገረድም ከዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት ከማየት በቀር የሚያገኘው የለም። ድርሳኑ ሲነበብ የሰማ ግን ብሩታዊትን ያውቃታል፤ ሥዕሉም የሚያስታውስ እንጂ የሚያስተምር አይደለም። የሠዓሊዎቹም ልማድ ይህን ያግዛል፤ ቅዱሳኑ ሁለት ዓይናቸው እየታየ፥ ክፉዎቹ ግን ባንድ ዓይን በጐን ይሣላሉ። በብዙ ክብ አብያተ ክርስቲያናት፥ በሁሉም ባይሆን፥ ፈረሰኞቹ ቅዱሳን በመቅደሱ ሰሜን ግድግዳ ይገኛሉ፤ ሰሜኑም ወንዶች የሚቆሙበት ወገን ነው።

ይህ በፈረስ ለታወቀ አገር ቀላል ነገር አይደለም። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ሆነ፤ ሰማዕቱም በነጭ ፈረስ ሆኖ ሲረዳ ታየ እየተባለ ይተረካል። በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ ያውም በጊዮርጊስ ዕለት፥ በእንጅባራ የአድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን በጉግሥ ያስባል። ፈረሱን ሸልሞ ወደ ሜዳ የሚወጣው ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተሸለመ ፈረስ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲያይ ያደገ ነው። በዓሉ ከሥዕሉ ተቀዳ ማለት ግን ከማስረጃው ማለፍ ነው፤ ሁለቱ ባንድ ዓይን ይታያሉ ማለት ይበቃል።

አሁን አሁን በብዙ አገር ክቡ ሕንፃ እየፈረሰ በምትኩ አራት ማዕዘን የሲሚንቶ ሕንፃ ይቆማል፤ ፈረሰኛውም በታተመ ወረቀት ሆኖ በተገኘው ቦታ ይሰቀላል። የቀድሞው ሥዕል ብዙውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ተሥሎ የተለጠፈ ስለሆነ ተነቅሎ ሊተርፍ ይችላል፤ የትኛው ሥዕል በየትኛው ወገን፥ በማን ፊት እንደ ነበረ ግን ግድግዳው ሳይፈርስ ካልተጻፈ በኋላ አይገኝም።