ተፈትቶ የተተከለው ቤት፦ ቤይሊፍን ተዋወቁት

እንግሊዝ አገር ታሪካዊ ቤት ማየት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ወደ ቤተ መንግሥት ወይም ወደ መኳንንት ግቢ ነው። እኔ ግን ጠይቆ ለሚመጣ ሁሉ የምነግረው ስለ አንድ የገበሬ ቤት ነው። ዌስት ሰሴክስ ውስጥ፣ ከቺችስተር ከተማ በስተሰሜን፣ ሲንግልተን የምትባል መንደር አጠገብ ዊልድ ኤንድ ዳውንላንድ ሊቪንግ ሙዚየም የተባለ ሰፊ ግቢ አለ። ከደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የተሰበሰቡ ከ50 የሚበልጡ መኖሪያ ቤቶች፣ ጎተራዎችና የሥራ ቤቶች እዚያ ኮረብታ ሥር ተተክለዋል። ከሁሉም አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ቤይሊፍን ይይ።

ቤይሊፍ ኑሮው የደላው ገበሬ ቤት ነበር። መካከሉ እስከ ጣራው ድረስ ክፍት የሆነ አዳራሽ ነው፤ ግራና ቀኙ ፎቅ አላቸው። አዳራሹና አንደኛው ጫፍ የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1405 እስከ 1430 ባለው ጊዜ፣ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ በ1500ዎቹ መጀመሪያ ነው። ይህ የታወቀው የእንጨቱን የዕድገት ቀለበቶች በመለካትና በማነጻጸር ነው።

ቤቱ በመጀመሪያ የቆመው ኬንት ውስጥ ቺዲንግስቶን በሚባል አካባቢ ነበር። በ1960ዎቹ ባው ቢች የተባለው የውኃ ማጠራቀሚያ ሊሠራ ሲል ሸለቆው በውኃ እንደሚዋጥ ታወቀ። የውኃ ኩባንያው ቤቱን ለሙዚየሙ ሰጠ፤ እንጨት በእንጨት ተፈትቶ መጣና በ1972 እንደገና ቆመ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ገና ደጃፉን ሲያልፍ «ይሄማ ቅጂ ነው፤ እውነተኛው ፈርሷል» ይላል። አንድ ጊዜ ከለንደን ከመጡ ወገኖች መካከል አንዱ ወጣት ይህንኑ ለጓደኛው ሲያስረዳት ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ እጅህን ምሰሶው ላይ አሳርፈው» አልኩት። አሳረፈ። የመጥረቢያው ምት ለጣት ይታወቃል፤ እንጨቱ ጠርዙ ላይ ቅርፊቱ የነበረበት ክብ ቦታ ሳይስተካከል ቀርቷል። «ይህን የጠረበው ሰው ከሞተ ስድስት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው» ስለው እጁን ሳያነሳ ቀና ብሎ ጣራውን ያይ ጀመር።

የዚህ ዓይነት ቤት ሲጀመርም የተሠራው ተገጣጥሞ፣ ተፈትቶ፣ እንደገና እንዲገጠም ነው። የዚያ ዘመን አናጢ ኦክ የተባለውን ዛፍ ቆርጦ አያደርቀውም፤ የደረቀ ኦክ መሮ ይሰብራልና እርጥቡን ይሠራበታል። ምሰሶውን፣ ወራጁን፣ ማገሩን መሬት ላይ አጋድሞ አንዱን በሌላው ላይ ይለካል። መጋጠሚያው ወንዴና ሴቴ ነው፤ የአንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ተጠርቦ በሌላው ሆድ ውስጥ ይገባል። ግንዶቹ ጠማሞች ስለሆኑ እያንዳንዱ ምላስ የሚገባው ለእሱ በተለካለት ቀዳዳ ብቻ ነው። ታዲያ እንዳይምታታበት አናጢው መጋጠሚያው ላይ በመሮ ቁጥር ይቀርጻል። የሚቀርጸው የሮማውያንን ቁጥር የሚመስል ነው፤ ቀጥ ያለ ጭረት ለመሮ ይቀላልና። ከዚያ ሁሉንም ይፈታና ቤቱ ወደሚቆምበት ቦታ በጋሪ ይጭነዋል።

ሲቆምም ብረት አይነካውም። መጋጠሚያው ተበስቶ የኦክ ሚስማር ይመታበታል። የምላሱ ብስ ከቀዳዳው ብስ ጋር ሆን ተብሎ ጥቂት እንዲዛነፍ ይደረጋል፤ ሚስማሩ በግድ ሲገባ ሁለቱን ስቦ ያጣብቃቸዋል። እንጨቱ በዓመታት ውስጥ ሲደርቅ ደግሞ ይጠማዘዛል፣ ይነክሳል። ቤቱ ጎበጥ ጎበጥ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። «ሊወድቅ ነው» እያሉ የሚስቁ ጎብኚዎች ይህን ቢያውቁ ደግ ነበር።

ስለዚህ በ1960ዎቹ ሚስማሮቹን አውጥተው እያንዳንዱን እንጨት ምልክት አድርገው የፈቱት ሰዎች የሠሩት ሥራ የመጀመሪያው አናጢ ራሱ የሠራውን ነው። የበሰበሰው በአዲስ ኦክ ተተክቷል፤ አዲሱና አሮጌው በዓይን ይለያል፤ የሚደብቀው ሰው የለም። ሥራ የፈቱ ባዶ ቀዳዳዎች ስታዩም «ከድሮ መርከብ የመጣ እንጨት ነው» የሚለውን ተረት አትመኑ። በአብዛኛው እዚያ የነበረ ሌላ እንጨት ወጥቶ የቀረ ቦታ ነው፤ የድሮው ግድግዳና መስኮት የት እንደነበረ የሚታወቀውም በእሱ ነው።

በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ እኛ የምናውቀው ነው፦ የተጠላለፈ ቀጭን እንጨትና ጭድ የተቦካበት ጭቃ። የሚለየው አቋቋሙ ነው። በእኛ ጭቃ ቤት ቋሚው መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ቤይሊፍ ግን በግንብ መሠረት ላይ በተጋደመ ወፍራም እንጨት ላይ ቆሟል፤ ምስጥ ባይኖር እንኳ እርጥብ አፈር እንጨት ይበላልና። ጭቃው ሸክም አይሸከምም፤ ቢረግፍ ይመረጋል እንጂ ቤቱ አይናጋም። በእንግሊዝ ብዙ እንዲህ ያለ ቤት የተጎዳው በዝናብ ሳይሆን ደግ ሠራሁ ብሎ ጭቃውን አንስቶ በሲሚንቶ በለሰነ ሰው ነው። ሲሚንቶ እርጥበቱን አምቆ ይይዝና እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ሲሚንቶ ሁሉን ያጠነክራል ብሎ የጭቃ ቤቱን ለሚለስን ሰው ይህን ደጋግሜ እነግራለሁ።

አዳራሹ መካከል ምድጃ አለ፤ ጭስ ማውጫ የለውም። ጭሱ ሽቅብ ወጥቶ በጣራው በኩል ይሾልካል። መስኮቱ መስተዋት የለውም፤ የቆሙ የእንጨት ዘንጎችና መዝጊያ ብቻ ናቸው። ጠረጴዛው፣ አልጋውና ሣጥኑ ግን በዘመኑ ዕቃ አምሳል አሁን የተሠሩ ናቸው። ቤቱን ቅጂ ነው የሚለው ሰው ሣጥኑን እንደ ቅርስ ፎቶ ሲያነሳ ማየት ያናድደኛል። ፎቅ ውጡ፤ የባለቤቶቹ መኝታ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣች ትንሽ መጸዳጃ አላት።

ጓሮው ከቤቱ አያንስም። የተተከለው በ1540 አካባቢ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ይበላው በነበረው ልክ ነው፦ ጎመን፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ለወጥና ለመድኃኒት የሚሆኑ ቅጠላ ቅጠሎች። ድንችና ቲማቲም ያኔ የእንግሊዝ ገበሬ ጓሮ አልገቡምና አትፈልጓቸው። አበባ ብቻ ፈልገው የሚመጡ ሰዎች «ጎመን ነው እንዴ?» ብለው ይመለሳሉ። አዎ፣ ጎመን ነው፤ ይህ ቤት የኖረው በእሱ ነው። መደቡን ሳትረግጡ፣ ቅጠሉንም ሳትቀነጥሱ፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂዱ፤ ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ እስከ ቺችስተር ባቡር አለ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ አውቶቡስ።