ሪሳይክል ቢን ያልደረሱ ፋይሎች

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 አንድ የሊኑክስ ተጠቃሚ የስቲምን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ አዛወረና ፕሮግራሙን ከፈተ። ስቲም ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጌሞችን የሚሸጥበትና ወደ ደንበኞቹ ኮምፒውተር የሚያወርድበት ፕሮግራም ነው። ሰውዬው ዘወር ብሎ ሲያይ የግል ፋይሎቹ በሙሉ የሉም። መጠባበቂያ ቅጂዎቹን ያስቀመጠበት ሃርድ ዲስክም በወቅቱ ተሰክቶ ስለነበር አብሮ ተጠርጓል።

ጥፋቱ የተገኘው ስቲምን በሚያስነሳው ስክሪፕት ውስጥ ነው። አንዲት መስመር «በስቲም ፎልደር ሥር ያለውን ሁሉ አጥፋ» ብላ ታዛለች። ፎልደሩ ከቦታው ሲነሳ ስክሪፕቱ አድራሻውን አጣው፤ አድራሻው ባዶ ሲሆን ደግሞ ትእዛዙ ተጠቃሚው በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ሆነ። ከመስመሯ በላይ ጸሐፊው «ያስፈራል!» የሚል ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ትቶ ነበር። እንዲያ ብሎ ከጻፈ አይቀር፣ አድራሻው ባዶ አለመሆኑን የሚፈትሽ መስመር መጨመር ነበረበት።

እንዲህ የጠፋ ፋይል ቅርጫት ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። በዊንዶውስም ቢሆን ሁኔታው ያው ነው። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ሪሳይክል ቢን የተባለውን ቅርጫት ስናየው ስለኖርን የሚጠፋው ሁሉ በእሱ በኩል የሚያልፍ ይመስለናል። እንደ እውነቱ ከሆነ ወደዚያ የሚሄደው ፕሮግራሙ «ይህን ወደ ቅርጫት ውሰድልኝ» ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ሲጠይቅ ዊንዶውስ በዚያው ድራይቭ ላይ ባለ ስውር ፎልደር ውስጥ ሁለት ፋይል ያስቀምጣል፤ አንዱ ይዘቱን፣ ሌላው የቀድሞ ቦታውንና የተሰረዘበትን ቀን ይይዛል። «ሪስቶር» ስንል ፋይሉ ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ በቀጥታ «አጥፋ» ካለ ግን ከሁለቱ አንዱም አይኖርም።

ዳውንሎድ ማድረጊያ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ይህን አጭር መንገድ ይመርጣሉ። ምክንያት አላቸው፦ የሚያወርዱት ፋይል ትልቅ ነው፣ ቅርጫት ውስጥ ያለ ፋይል ደግሞ ቦታ አያስለቅቅም። ያም ሆኖ ምርጫው ለተጠቃሚው ሊተው ይገባል። ከታወቁት የቶረንት ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ኪውቢትቶረንት የወረዱ ፋይሎችን ከማጥፋት ይልቅ ወደ ቅርጫት የመላክ አማራጭ ያመጣው በ2024 በወጣው 5.0 እትሙ ነው። ኢንተርኔት በፓኬጅ እየገዛ ለሚያወርድ ሰው የጠፋውን እንደገና ማውረድ ሁለተኛ ወጪ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ደግሞ በዊንዶውስ ሲሰረዝ በገዛ እጃችን ብናጠፋውም ቅርጫት አይገባም።

ፋይሉ አንዴ ከጠፋ መመለስ መቻሉን የሚወስነው የዲስኩ ዓይነት ነው። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ ማጥፋት ማለት ከመጽሐፍ ማውጫ ርእሱን ፍቆ ገጾቹን እንደ መተው ነው፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ይዘቱ አለ። ስለዚህ ኮምፒውተሩን መጠቀም ወዲያው ማቆም፣ የማዳኛ ፕሮግራሙንም እዚያው ዲስክ ላይ አለመጫን ያስፈልጋል። በኤስኤስዲ ግን ዊንዶውስ ቦታው እንደተለቀቀ ለዲስኩ ስለሚነግረው ይዘቱ ብዙ ሳይቆይ ይጸዳል፤ ተስፋው የመነመነ ነው።

ለሃርድ ዲስክና ለፍላሽ ፎቶሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ፎቶና ሰነድ መልሶ ያገኛል። የፋይሎቹን ስም ግን አይመልስም፤ የትኛው የቱ እንደሆነ እየከፈቱ መለየት የባለቤቱ ሥራ ነው።