ከባሕር ማዶ ሞተር ሳይክል ማስመጣት፤ ከብረቱ በፊት ወረቀቱ

በአሜሪካን አገር የሞተር ሳይክል እጥረት የለም። የሚሸጡባቸው መደብሮች በየከተማው ይገኛሉ፤ ዋጋውም ለሠራተኛ ሰው የማይደፈር አይደለም። ታዲያ ከዋሺንግተን ከተማ አጠገብ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ስለ አንዲት መቶ ሲሲ አሮጌ ሞተር ሳይክል ብሎ አንድ ዓመት ያህል በደብዳቤና በቅጽ ሲደክም በሰማን ጊዜ ነገሩ ገርሞን ምክንያቱን ጠየቅነው። መልሱ አጭር ነበር፤ «አባቴ የነዷት ዓይነት እዚህ አገር ተሽጣ አታውቅም» አለን።

አባቱ በአርሲ የእርሻ ልማት ሠራተኛ ነበሩ። ከገበሬ ወደ ገበሬ የሚዞሩባትም ያማሃ ኤ ጂ 100 የምትባለው ነበረች። ኤ ጂ የተባሉት ሁለት ፊደሎች እርሻ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰዱ ናቸው። ፊትም ኋላም የዕቃ መጫኛ ብረት አላት፤ ሰንሰለቷ ጭቃና አቧራ እንዳይደርስበት በሽፋን ውስጥ ነው፤ ሞተሯም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠልበት ዓይነት ስለ ሆነ ከኋላዋ ሰማያዊ ጢስ እየተወች ትሄዳለች። ፋብሪካው ለአውስትራሊያና ለኒው ዚላንድ ከብት አርቢዎች፥ እንደዚሁም ለአፍሪካ የገጠር ሠራተኞች ሲሸጣት ኖሯል፤ ለአሜሪካን ገበያ ግን አላቀረባትም። ወዳጃችን በልጅነቱ የዘሩ ከረጢት ከፊት፥ እርሱ ራሱ ከኋላው መጫኛ ላይ ሆኖ የተጓዘባትን ይህችን ሞተር ሳይክል፥ አባቱ ሰማንያ ዓመት ሲሞላቸው ግቢያቸው ውስጥ ሊያቆምላቸው ተመኘ።

ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን በመርከብ የሚያስጭንን ሰው ማን ይከለክለዋል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ወዳጃችንም መጀመሪያ ያሰበው እንዲሁ ነበር። የዩናይትድ ስቴትስ ሕግ ግን ወደ አገሩ የሚገባውን ተሽከርካሪ በሁለት ዓይን ይመለከተዋል። አንደኛው ዓይን የመንገድ ደኅንነት ነው፤ ሁለተኛው የአየር ንጽሕና ነው። ለእያንዳንዳቸውም የየራሳቸው መሥሪያ ቤትና የየራሳቸው ቅጽ አላቸው። ለዚያ አገር ገበያ ታስቦ በተሠራ ሞተር ሳይክል ላይ፥ መሪው ከአንገቱ ጋር በሚገናኝበት አጠገብ፥ መሪውን ከማዞር በቀር ምንም ሳይነካ በሚነበብበት ስፍራ፥ የአገሩን የደኅንነት ደንብ አሟልቶ መሠራቱን የሚመሰክር አንድ ትንሽ ጽሑፍ ይለጠፋል። ይህ ጽሑፍ የሌለው ሞተር ሳይክል፥ በዚያው ፋብሪካ፥ በዚያው ሠራተኛ እጅ፥ በዚያው ቀን ተሠርቶ ቢሆን እንኳ፥ እንደ ባዕድ ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ለማስገባት የሚፈልግ ሰው ከመንግሥት የተመዘገበ አስመጪ መቅጠር፥ ከዕቃው ዋጋ አንድ ጊዜ ተኩል የሚያህል ዋስትና ማስያዝ፥ ከዚያም ዕቃውን እንደ ደንቡ ማሻሻል ግድ ይሆንበታል። ለአንዲት የገጠር ሞተር ሳይክል ይህ ሁሉ ወጪ የሚታሰብ አይደለም።

ለግል ገዢ የተተወው በር ዕድሜ ነው። በ1988 የወጣው ሕግ (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመቶች፥ ለይተን ካልተናገርን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) 25 ዓመት የሞላውን ተሽከርካሪ ከደኅንነቱ ደንብ ነጻ አድርጎታል። የአየር ንጽሕናው መሥሪያ ቤት ደግሞ 21 ዓመት የሞላውንና ሞተሩ እንደ ጥንቱ ያለውን ያሳልፋል። ከሁለቱ የሚከብደው 25ቱ ስለ ሆነ ገዢው የሚያሰላው በእርሱ ነው። ስሌቱም ከፋብሪካ ከወጣበት ወር እንጂ ሻጩ «የዚህ ዓመት ሞዴል ነው» ከሚለው አይነሣም። አንድ ወር ቢጎድል እንደ ጎደለ ይቆጠራል።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው። በ2023 ናይሮቢ ከሚኖር አንድ ሻጭ ጋር በስልክ ተነጋገረ፤ የተላከለት ፎቶግራፍ የአባቱን ሞተር ሳይክል ቁርጥ እርሷኑ አሳየው። ደስታው ብዙ ስለ ነበር ሦስት መቶ ዶላር ቀብድ ላከ። ችግሩ ይህች ሞተር ሳይክል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መልኳ እምብዛም ሳይለወጥ መሠራቷ ነው፤ አሮጊቷንና ወጣቲቱን በፎቶግራፍ ለመለየት አይቻልም። በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሲመረመር የተሠራችው በ2006 ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ግን ምንም አልከበደውም፤ «ወረቀቱ ላይ 1996 ብለን እንጽፍልሃለን» አለው። ወዳጃችን ቀብዱን ትቶ ወጣ።

በዚህ ቦታ ጥቂት እንቆያለን፤ ምክንያቱም በዚህች አንዲት ቃል የተታለሉ ሰዎች ዕዳቸው ከቀብድ የበለጠ ነው። ደንቡን ሳያሟላ የገባ ተሽከርካሪ ዕጣው ወደ መጣበት መመለስ ወይም መደምሰስ ነው። በ2013 የአሜሪካን የጉምሩክ ሹሞች ዕድሜው በሐሰት ተጽፎ የገባ አንድ ላንድ ሮቨር ዲፌንደር በብረት ጥርስ ሲደቅቅ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሕዝብ አሳይተዋል። በአገራችን ተራራ ለተራራ የላንድ ሮቨርን ውለታ የሚያውቅ ሰው ያን ሥዕል ዓይኑን ሳይከድን ሊያየው መቻሉን እንጠራጠራለን። ሹሞቹ ግን የሚጠይቁት የመኪናውን ጥንካሬ አይደለም።

ሁለተኛዋ ከአውስትራሊያ ተገኘች። በአንድ የከብት እርባታ ቦታ ላይ ስትሠራ የኖረች፥ በ1989 የተሠራች ነበረች። ዕድሜዋ ከበቂ በላይ ሆነ፤ ነገር ግን ሊብሬ አልነበራትም። በእርሻ ግቢ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሞተር ሳይክል በሕዝብ መንገድ ስለማይወጣ ብዙውን ጊዜ አይመዘገብም፤ ባለቤቱም ታርጋ ሳያወጣላት ሠላሳ ዓመት አኑሯታል። እንግዲህ ዕድሜዋን በምን ያስረዳል? መሥሪያ ቤቱ የሚቀበላቸው ማስረጃዎች የታወቁ ናቸው፤ መጀመሪያ የተሸጠችበት ደረሰኝ፥ ወይም ከ25 ዓመት በፊት መመዝገቧን የሚያሳይ ሰነድ፥ እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ደግሞ የታወቀ የጥንት ተሽከርካሪዎች ማኅበር የሚሰጠው የምስክር ቃል ነው። ባለ እርሻው ሰውዬ ምስጋና ይግባቸውና ወረቀት የማይጥሉ ሰው ኖረው የ1989 ደረሰኝ ከከብት ክትባት መዝገብ ጋር ታጥፎ ተገኘ። በዚያ ላይ የሻንሲውን ቁጥር ጠቅሰው፥ ዋጋውንና ቀኑን ጽፈው፥ በምስክር ፊት የፈረሙበት የሽያጭ ውል ላኩለት። ወዳጃችን ሙሉውን ዋጋ የከፈለው እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ካነበበ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ የመርከቡ ነገር መጣ። ቤንዚኑ ተቀድቶ፥ ባትሪው ተፈትቶ፥ ሞተር ሳይክሏ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ትታሰራለች። ሣጥኑም ማናቸውም እንጨት አይሆንም፤ ነፍሳት በውስጡ እንዳይጓዙ በሙቀት ወይም በመድኃኒት የታከመና ይህንኑ የሚያስረዳ ማኅተም የተመታበት መሆን አለበት። ማኅተም የሌለው ሣጥን ከነዕቃው ሊመለስ ይችላል። ከሁሉ በላይ ወዳጃችንን ያስጨነቀው ጭቃው ነበር። የአሜሪካን የእርሻ ሹሞች በጎማና በሻንሲ ሥር የተጣበቀ የባዕድ አገር አፈር እንዳይገባ አጥብቀው ስለሚከለክሉ፥ ሠላሳ ዓመት በከብት መካከል የኖረችውን ሞተር ሳይክል በሞቀ ውኃ ግፊት ሁለት ጊዜ ማሳጠብ አስፈለገ። ዕቃው በመርከቡ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት አስቀድሞም ለአሜሪካን ጉምሩክ የዝርዝር ማስታወቂያ መድረስ አለበት፤ ይህን የዘነጋ አስመጪ እስከ 5,000 ዶላር ይቀጣል። ከሞተር ሳይክሏ ዋጋ አራት እጥፍ መሆኑ ነው! ስለዚህ በሌላው ነገር ገንዘብ የሚቈጥብ ሰው እንኳ ለትራንዚተር የሚከፍለውን ባይቈጥብ ይሻለዋል እንላለን።

ስለ ቀረጡ የሚባለው ጥቂት ነው። በመደበኛው ታሪፍ እስከ 700 ሲሲ ያለው ሞተር ሳይክል ቀረጥ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው 2.4 በመቶ ይከፍላል። ይሁን እንጂ በ2025 በየአገሩ ዕቃ ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ስለ ተጣለና ስሌቱም ስለ ተለዋወጠ፥ ገዢው በሚያስጭንበት ሳምንት የሚጸናውን ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል። በዚያ አገር የሞተር ሳይክል ቀረጥ ሲለዋወጥ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። በ1983 ፕሬዚደንት ሬጋን የሃርሊ ዴቪድሰንን አቤቱታ ተቀብለው ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑት ላይ የነበረውን 4.4 በመቶ ወደ 49.4 በመቶ አሳደጉት። የጃፓን ፋብሪካዎችም ብልሃት አላጡ፤ 750 ሲሲ የነበሩትን ሞተሮቻቸውን ከ700 በታች አሳንሰው ላኩ። በመጨረሻ ቀረጡ ከቀኑ በፊት እንዲነሣ በ1987 የጠየቀው ራሱ ሃርሊ ዴቪድሰን ነበር።

ሞተር ሳይክሏ ባልቲሞር ወደብ ደረሰች። ሁለቱ ቅጾች፥ የሽያጩ ውልና አሮጌው ደረሰኝ ተያይዘው ቀረቡ፤ የጉምሩኩም ማኅተም ተመታባቸው። ወዳጃችን ነገሩ አለቀ ብሎ ነበር። ነገር ግን የፌዴራሉ መንግሥት ዕቃው ወደ አገር እንዲገባ ይፈቅዳል እንጂ ታርጋ አይሰጥም፤ ታርጋ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው፤ ሕጋቸውም አንድ አይደለም። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ የራሷ የአየር ንጽሕና ደንብ ስላላት በወደቧ የገባ ሁሉ በመንገዷ ላይ ይመዘገባል ማለት አይደለም። ወዳጃችን በሚኖርበት አካባቢ የነበረው እንቅፋት ሌላ ነበር። አሜሪካን አገር ከ1981 ወዲህ የተሠራ ተሽከርካሪ ሁሉ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ መለያ ቁጥር ሲኖረው፥ የእርሱ ሞተር ሳይክል ቁጥር ግን ከዚያ ያነሰ ነው። በመስኮቱ የተቀመጠችው ጸሐፊ ቁጥሩን ባስገባች ቁጥር መሣሪያው አልቀበልም አላት። «ጌታዬ፥ ጥቂት አኃዞች ይጎድሉታል፤ ፈልገው ያምጡ» ብላ ሰደደችው። ከየት እንደሚያመጣቸው ግን አልነገረችውም። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ሽማግሌ የክፍል ሹም ወረቀቶቹን ገልጠው የጉምሩኩን ማኅተም ባዩ ጊዜ፥ ቁጥሩ እንዳለ እንዲጻፍ ፈረሙለት። ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ባይኖር ኖሮ አራተኛም አምስተኛም ጊዜ በተመላለሰ ነበር።

አገር ቤት ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ታሪክ ለራሳቸው መንገድ እንዳያደርጉት እናሳስባለን። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ተጉዞ ስለሚመጣ የየብሱ ማጓጓዣ በባሕሩ ላይ ይደረባል፤ ቀረጡም የሚታሰበው ከሻጩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣውና መድኑ ከተደመረበት በኋላ ነው፤ የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ በቀረጡም ላይ ይሰላል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) ክረምት መግቢያ ላይ ልዩ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተር ሳይክሎች ከመንገድ ማገዷንም ማስታወስ ይገባል። የወደብን በር ተሻግሮ በከተማ በር ላይ የሚቀር ሰው ኀዘኑ ድርብ ነው።

ወዳጃችን ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ታርጋው ዐሥራ አንድ ወር ፈጅቶበታል። ማጓጓዣውና የትራንዚተሩ ዋጋ ተደምሮ ከሞተር ሳይክሏ ዋጋ በለጠ፤ በናይሮቢ የቀረውን ቀብድ ሳንቈጥር ነው። እኛም የተጋበዝነው ታርጋው በታሰረ ማግስት ነበር።

አባት ከዘራቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። ጥቂት ቆመው ተመለከቷት፤ ከዚያም ጎንበስ ብለው የፊተኛውን መጫኛ ብረት በእጃቸው ነቀነቁት። ልጃቸው ምን ይሉ ይሆን እያለ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

«ብሎኗ ላልታለች፤» አሉት፤ «እንዲህ ሆና ዘር አትጭንም። እስቲ መፍቻ አምጣልኝ።»