ዳሞታና ዐድዋ በአንድ ክፍል ውስጥ

በሃላሌ፣ በወላይታ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ መቀመጫ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የአፍሪካን ቅርምት የሚተርከው ምዕራፍ ላይ በደረሰ ጊዜ፣ መምህሩ የአህጉሩን ካርታ በጠመኔ ነድፎ የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይን፣ የፖርቱጋልንና የቤልጅግን ድርሻ በየመስመሩ ከለየ በኋላ፣ ኢትዮጵያን ከላይቤሪያ ጋር ሳያሰምርባት ያልፋታል። ይህ አለመሰመር የመላው ጥቁር ሕዝብ መመኪያ ሆኖ ኖሯልና ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ነገር ግን የወላይታ ልጅ፣ መጽሐፉ ዝም ባለበት ስፍራ የገዛ አያቶቹ ታሪክ እንዳለ ከአባቱና ከአያቱ አንደበት ሰምቶ ያደገ ስለ ሆነ፣ ትምህርቱ ይህን ታሪክ እስኪነካለት ድረስ በሁለት ዕውቀት መካከል ተከፍሎ ይቀመጣል፤ አንዱን ለፈተና ያጠናዋል፣ ሁለተኛውን በልቡ ይይዘዋል።

ስለዚህ ቅርምት የመከረው የበርሊን ጉባኤ የተከፈተው በኅዳር 1877 ዓ.ም. ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1883፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ፣ ከሩቅ የመጡ ኃያላን አፍሪካን ሲከፋፈሉ እርሳቸው ዝም ብለው እንደማይመለከቱ አስታውቀው የግዛታቸውን ወሰን ዘረዘሩ። ጉባኤው ከተከፈተ 10 ዓመት ሲሞላው፣ በኅዳር 1887፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የመሩት ሠራዊት ወደ ወላይታ ዘመተ፤ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦናም ከብርቱ ውጊያ በኋላ ቆስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ከዚያም አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቢያልፍ፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የኢጣልያ ጦር በዐድዋ ተራሮች ድል ተመታ። እነዚህን አራት ዘመናት በአንድ ሰሌዳ ላይ በተርታ የጻፈ መምህር የግማሽ ዓመቱን ትምህርት ፈጽሟል ብል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም ተማሪው ዐድዋንና የወላይታውን ተራራ ዳሞታን እንደ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ሳይሆን በአንድ ንጉሥ፣ በአንድ ዘመንና ከአውሮፓ ገበያ በተገዛ አንድ ዓይነት ጠመንጃ እንደ ተያያዙ ነገሮች ሊመለከታቸው ይችላልና።

የወላይታ ዘመቻ ለማስተማር የሚመች የሆነው ደግሞ ሁለት የጽሑፍ ምስክሮች ስላሉት ነው። አንደኛው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዜና መዋዕል የጻፉት ከዙፋኑ ሥር ሆነው ስለ ሆነ፣ ነገሩን የሚያዩት ግዛት ሲሰፋና አመፀኛ ሲገብር ነው። ሁለተኛው ቫንደርሃይም የተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ ነው፤ ዘመቻውን ከሠራዊቱ ጋር ተከትሎ ያየውን እልቂት፣ የምርኮኛውን ብዛትና የከብቱን ዘረፋ በ1896 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። አንድ ገጽ ከዚያ፣ አንድ ገጽ ከዚህ ተወስዶ ለተማሪዎች ቢታደል፣ ጸሐፊው ማነው፣ ለማን ጻፈ፣ ምን አየ፣ ምንስ ሳይናገር ተወ ብሎ መመርመርን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንኳ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለምደዋል። ፈረንሳዊውም ቢሆን በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ከያዘ አገር የመጣ ሰው ነውና፣ ቃሉ ያለ ምርመራ የሚታመን አይደለም። በመጻፍ ያልተካፈሉት ድል የተነሡት ናቸው፤ ስለዚህ ሦስተኛው ምስክር የሽማግሌዎች ትውፊት ነው፤ እርሱም እንደ ሁለቱ ሁሉ በጥያቄ ሊፈተን ይገባዋል።

ይህ ዘመቻ አገርን አንድ ማድረግ ነበር ወይስ ቅኝ ማድረግ የሚለው ክርክር ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ለያይቷቸዋል። በእኔ አስተያየት የክፍሉ ሥራ ፍርዱን አስቀድሞ መስጠት ሳይሆን ማስረጃውን መዘርዘር ነው። በአንድ ወገን፣ ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመድቦለት፣ ገበሬው ከምርቱ ግብር ከመክፈሉ በላይ ለመልከኛው እህል እየፈጨ፣ አጥር እያጠረ፣ እንጨት እየተሸከመ የኖረበት ሥርዓት አለ። በሌላው ወገን፣ የገበሩት ሕዝቦች ከገዢዎቻቸው ጋር በአንድ አገር ዜግነት ቀርተው፣ በኋላ ዘመን ስለዚያው አገር የተዋጉበትና መብታቸውን በዚያው አገር ሕግ የጠየቁበት ታሪክ አለ። ይህ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ማስተሰሪያ ሊሆን አይችልም፤ መጀመሪያውም ሁለተኛውን አይሽረውም።

የኢጣልያ ወረራ ዘመን በመጽሐፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሰሜኑና የሸዋው አርበኝነት ብቻ ሆኖ ይነበባል። የወላይታዋ ከተማ ሶዶ ግን የራሷ ምዕራፍ አላት። ከተማይቱን በግንቦት 14 ቀን 1933 ከኢጣልያ ያስለቀቀው ጦር በአብዛኛው ከእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች የተመለመሉ ጥቁር ወታደሮች ያሉበት ነበር። በገዛ አገራቸው ነጻነት የሌላቸው አፍሪካውያን የሌላውን አፍሪካዊ አገር ነጻ ለማውጣት ደማቸውን ማፍሰሳቸውን የሚያህል፣ ስለ ቅኝ አገዛዝ ምንነት ተማሪን የሚያስተምር ነገር ከወዴት ይገኛል?

ነጻ የወጡ የአፍሪካ አገሮች መሪዎች በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለማቋቋም አዲስ አበባ በተሰበሰቡበት ወቅት፣ የወላይታ ጭሰኛ የሚያርሰው መሬት ገና የሌላ ነበር፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነው በየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ነው። ስለዚህ ድኅረ ቅኝ ግዛት የሚባለውን ዘመን ለሃላሌ ተማሪ ከጋና ወይም ከኬንያ ነጻነት ብቻ መጀመር ጎዶሎ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን በተመለከተ፣ ወላይታ የመማሪያ መጽሐፍ ራሱ የታሪክ ክሥተት የሆነባት አገር ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋሕዶ “ወጋጎዳ” በሚል ስም የተዘጋጀ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ፣ በሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ተነሣ። ወላይታ በ1993 ራሷን የቻለች ዞን ሆነች፤ በ2015 ደግሞ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ መዲና ሆነች። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ ይህን ተቃውሞ አይቶት አያውቅም፤ አባቱ ግን ያስታውሰዋል፣ ምናልባትም በሰልፉ ውስጥ ነበረ። ልጁ በቤቱ በወላይትኛ የሰማውን ታሪክ በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ማጥናት ግዴታው ነውና፣ መምህሩ ክርክሩን ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ እንዲያካሂድ ቢፈቀድለት ትምህርቱ እጅግ በጠለቀ ነበር።

መስከረም ለዚህ ሥራ የተመቸ ወር ነው። የትምህርት ዓመቱ በሚከፈትበት ወራት ጊፋታ፣ የወላይታ የዘመን መለወጫ፣ ይከበራል፤ የተራራቀ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌዎችም የየጎሳውን ትውልድ ይቆጥራሉ። ተማሪው ደብተሩን ይዞ፣ አያቱ ስለ ገባር ዘመን፣ ስለ ጣልያን ጊዜና ስለ መሬት አዋጁ የሚያስታውሱትን ጠይቆ፣ የተናገሩትን ቃል ከቀኑና ከስፍራው ጋር ጽፎ ወደ ክፍል ቢመለስ፣ ከሌላው ልጅ ደብተር ጋር ማመሳከር ይቻላል። ወደ ኋላም ርቆ መሄድ አለ፤ የወላይታ ትውፊት ከቀደሙት ነገሥታቱ አንዱ አድርጎ የሚቆጥረው ሞቶሎሚ በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ የዳሞት ገዢ ሆኖ ይገኛልና፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የጻፉትና የወላይታ ሽማግሌዎች የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው መሆን አለመሆኑን መመርመር ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚበቃ ጥያቄ ነው።