ከማዳበሪያው ድጎማ ይልቅ የሴፍቲኔቱ ክፍያ

መንግሥት ለአርሶ አደሩ ስለሚያደርገው ድጎማ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው የአፈር ማዳበሪያ ነው። የዓለም ገበያ ዋጋ በናረበት በ2014 ዓ.ም. ብቻ 15 ቢሊዮን ብር ለዚሁ ተመድቧል። ገንዘቡ ግን ለአርሶ አደሩ በእጁ አይሰጥም፤ ከማዳበሪያው መሸጫ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ አሥር ኩንታል የገዛ የአሥር ኩንታል ድጎማ ያገኛል። ያልገዛ ምንም የለውም።

በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች ነገሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በቢዮአዋሌና በዋሂል ተዳፋት ማሳዎች ዋናው ሰብል ማሽላ ነው፤ ዋናው ችግርም ዝናብ ነው። እርጥበት በሌለበት መሬት ላይ በብድር የተገዛ ማዳበሪያ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። በቆላው በጀልዴሳ በኩል ደግሞ የቤተሰቡ ሀብት ከማሳው ይልቅ ከብቱና ፍየሉ ነው። ከጅቡቲ ወደብ በባቡር የሚጫነው ማዳበሪያ ወደ መሃል አገር የሚጓዘው በድሬዳዋ በኩል መሆኑ ለእነዚህ ገበሬዎች ብዙም የሚለውጠው ነገር የለም።

ለእነርሱ የሚደርሰው ድጋፍ ሌላ ነው። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የየዓመቱን የእርዳታ ጥሪ አስቀድሞ በታወቀ ክፍያ ለመተካት ታስቦ ነበር። መሥራት የሚችል ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ ለአንድ ሰው በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰባል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች ጉልበት የሌላቸው ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡሮችም ከሥራው ነፃ ናቸው።

የክፍያው መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል በሚል መነሻ ይሰላል። ጥሬ ገንዘብ ሲሆን የዚያኑ ያህል እህል መግዛት አለበት። ችግሩ ተመኑ ከወጣ በኋላ ገበያው አለመቆሙ ነው። የእህል ዋጋ በተተኮሰበት በ2000 ዓ.ም. ብዙ ተጠቃሚዎች ከብሩ ይልቅ እህሉን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከመጠኑ የማያንሰው ቀኑ ነው። ማሽላ ሲዘራ የአምናው ጎተራ ብዙውን ጊዜ ተሟጧል፤ አዲሱ እህል የሚደርሰው ከመስከረም በኋላ ነው። ክፍያው በዚያ ክፍተት በወቅቱ ከገባ ቤተሰቡ በማሳው ላይ ይቆያል። ሁለት ወር ከዘገየ ግን አባወራው ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ አረም ይጠፋል፤ ፍየሏ ትሸጣለች። ዘግይቶ የመጣው ብር የተሸጠችውን ፍየል አይመልስም። መዘግየቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከባንክ ሳይሆን ከቀበሌ ነው፦ የሥራ ቀን መመዝገቢያው ሳይሟላ፣ የክፍያ ዝርዝሩም ሳይጠናቀቅ ወሩ ያልፋል። የአንድ ቀበሌ ቅጽ ሲጎድል የብዙ አባወራ ምሳ ይጎድላል።

ሥራውም ተራ የጉልበት ማስከፈያ ሆኖ መታየት የለበትም። እርከኑ ጎርፉን ያበርደዋል፤ አፈሩንም ይይዛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከደጋው የወረደው ጎርፍ በደቻቱ ወንዝ በኩል ከተማዋን መትቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በላይኛው ተፋሰስ የሚካበው ድንጋይ ለታችኛው ከተማ ነዋሪም ነው።

ማን ይካተት የሚለው ሌላው የመነጋገሪያ ጉዳይ ነው። ምልመላው በኅብረተሰቡ ፊት እንዲካሄድ፣ ስም ዝርዝሩ በአደባባይ እንዲነበብና ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር የፕሮግራሙ አሠራር ያዛል። ስሙን ከዝርዝሩ ያጣ አባወራ አቤቱታውን ማቅረብ ያለበት ክፍያው ከተጠናቀቀ በኋላ ሳይሆን ዝርዝሩ በተነበበበት ሰሞን ነው።