ስለ አሮጌው ቮልስዋገንና ስለ ደምበጫ መንገድ

በደምበጫ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የደብር አለቃ ከደመወዙ ጥቂት ጥቂት እየቈጠበ አውቶሞቢል ሊገዛ ባሰበ ጊዜ አዲሱ መኪና ከዐቅሙ በላይ ሆኖ ያገኘዋል። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186/2012 ከውጭ አገር በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ተጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ አሳቡ ከብዙ ዘመን በፊት ገብቶ እስከ ዛሬ ወደሚዞረው ወደ አውሮፓ መኪና፥ ይልቁንም ሕዝቡ ቮልስ ብሎ ወደሚጠራው ወደ ቮልስዋገን ያዘነብላል።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን ያዩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከአውሮፓ ከመጡት መካከል እንደ ቮልስ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ጥቂት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በዚሁ ትንሽ መኪና ነበር። ሥራው በጀርመን አገር በጥር 1970 ዓ.ም.፥ በሜክሲኮም በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ቆመ፤ የተሠራው በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ነው።

ለደጋ አገር የሚስማማበት ምክንያት ሞተሩ ነው። ሞተሩ በስተኋላ ተቀምጦ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ደምበጫ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላባታል፤ ራዲያተሩ በሚገባ ያልተጠበቀ መኪና ዐቀበት ላይ የሚያፈላው ስለዚህም ጭምር ነው። ቮልስ ግን የሚፈላ ውሃ የለውም። የሞተሩም ክብደት በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በክረምት ጭቃ ከብዙ ትንንሽ መኪናዎች ይሻላል። ነገር ግን በዚህ ከፍታ ዐየሩ ስስ ነውና ሞተሩ በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጕልበት ከአምስት አንዱን ያህል ያጣል። ካርቡሬተሩም ለቈላ በተስተካከለበት ልክ ከቀረ ቤንዚኑ ለዐየሩ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል፥ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። መድኀኒቱ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትለካውን ቀዳዳ አነስ ባለች መለወጥ ነው።

በየቀኑ አገልግሎት ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ማራገቢያውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ነው። ይኸው ቀበቶ ዲናሞውንም ስለሚያዞር በተበጠሰ ጊዜ በሹፌሩ ፊት ቀይ መብራት ይበራል። መብራቲቱ የባትሪ ነገር ብቻ መስላው፥ ደብረ ማርቆስ ደርሼ አሳየዋለሁ ብሎ የሚቀጥል ሰው፥ ነፋስ ያጣውን ሞተር ወዲያው ያቃጥላል፤ የብዙ ወር ደመወዝም አብሮ ይቃጠላል። ቆሞ፥ አጥፍቶ፥ ትርፍ ቀበቶ ማግባት ግን ቀላል ሥራ ነው። ዘይቱም 2.5 ሊትር ብቻ ስለ ሆነ ጥቂት ሲጎድል ጕዳቱ ታላቅ ነው፤ በየ5000 ኪሎ ሜትር፥ አቧራ በሚበዛበትም መንገድ ከዚያ ቀደም ብሎ ይለወጣል።

በዚያው ጊዜ ቫልቮቹ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ ይለካሉ። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሚንኳኳው ቫልቭ ያስደነግጠዋል፥ ዝም ያለውን ያመሰግናል። የሚቃጠለው ግን ክፍተት አጥቶ ዝም ያለው ነው። መሪጌታ በማኅሌት መካከል የጎደለውን ድምፅ እንደሚለይ፥ መካኒኩም የጠፋውን ድምፅ መስማት አለበት።

ገዢው የቀለሙን ማማር ትቶ የኋላውን ወንበር ያንሣ። ባትሪው በዚያ ስለ ተቀመጠ ከሥሩ ያለው ወለል በአሲድና በዝገት ይበላል። የወንበሩም ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሣል፤ ክዳኑ ጠፍቶ ከሆነ ሌላ ሳይገኝ መንዳት አይገባም። የሻንሲው ቍጥርም በዚያው ወንበር ሥር ተቀርጾ ይገኛል፤ ይህ ከሊብሬው ጋራ ካልተስማማ የተገዛው መኪና ሳይሆን ክርክር ነው፥ ቦሎም አያገኝ።

ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ከደጀን ወደ ዐባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ቍልቍለት አለበት። የአብዛኞቹ ቮልሶች ፍሬን የከበሮ ዐይነት ስለ ሆነ እግሩን ሳያነሣ የሚጫን ሹፌር ፍሬኑ ግሎ ሲከዳው ያያል፤ ዘይቱም አርጅቶ ውሃ ከጠጣ በሙቀቱ ይፈላና መርገጫው እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በዚያ ገደል ሁለተኛ ዕድል የለም። ስለዚህ የፍሬኑ ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ቍልቍለቱም ከመጀመሩ አስቀድሞ ማርሹ ወደ ሁለተኛ ወይም ወደ ሦስተኛ ይገባል፥ ሞተሩም መኪናውን ይይዘዋል። ከድልድዩ ማዶ ያለውን የጎሐ ጽዮንን ዐቀበት ከጭነት መኪናዎች ጋራ ተሰልፎ ቀስ ብሎ ይወጣዋል።