ልብ ምቷን ስትስት

ደረጃ ወጥተን ልባችን ድው ድው ሲል አብዛኞቻችን «ቡና አብዝቼ ነው» ወይም «ድካም ነው» ብለን እናልፈዋለን። ብዙ ጊዜም እውነታችንን ነው። ምቱ መፍጠኑ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት ካጣ ግን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው ሕመም ሊሆን ይችላል።

ጤነኛ ልብ እረፍት ላይ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ፣ እኩል እየተራመደ ይመታል። በዚህ ሕመም ጊዜ ሁለቱ የላይኛው የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። በሚገባ ያልተገፋ ደም እዚያው ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል፤ አደጋው ሕመሙ ከሌለበት ሰው አምስት እጥፍ ያህል ነው። ድካም፣ ማዞርና የትንፋሽ ማጠር ይኖራል፤ ምንም የማይሰማቸው ታማሚዎችም አሉ።

<b>መነሻው ምንድን ነው?</b>

የዕድሜ መግፋት፣ ደም ግፊት፣ ውፍረት፣ የአልኮል መጠጥና የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በአገራችን ግን ወጣቶችን ጭምር የሚያጠቃ ሌላ መነሻ አለ፦ በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳትን ሊያስከትል፣ እሱም የልብን ቫልቭ ሊጎዳ ይችላል። ቫልቩ ሲጠብ የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱም ይዛባል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ሐኪም ያዘዘው ፔኒሲሊን ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ከሚያክማቸው መካከል ቫልቫቸው በዚህ መንገድ የተጎዳ ልጆች ይገኙበታል።

<b>ሕክምናው</b>

ሕመሙ በኢሲጂ ይለያል፤ የቫልቩ ሁኔታ በልብ አልትራሳውንድ ይታያል። ምቱን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች አሉ። ስትሮክን ለመከላከል ደግሞ ብዙዎች ደም ማቅጠኛ ይታዘዝላቸዋል። አዳዲስ ደም ማቅጠኛዎች ቢመጡም፣ በሩማቲክ ሕመም ቫልቩ ክፉኛ ለጠበበ ሰው ተመራጩ ዋርፋሪን ነው።

ዋርፋሪን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደሙ ቅጥነት በየጊዜው በምርመራ መታየት አለበት። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ በፍስክ ወራት እምብዛም ሳይበሉት ቆይተው በጾም በየቀኑ ማዘውተር ልኬቱን ያዛባል፤ ጎመን መተው ሳይሆን መጠኑን እኩል ማድረግ ይበቃል። መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

ዛሬ ማታ የእናትና የአባትዎን የእጅ አንጓ በሁለት ጣት ዳብሰው ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ምቱ ሥርዓት ከሌለው ኢሲጂ ያሠሩላቸው። ፊት ከጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።